መቶ እርምጃ

ሰኞ፣ ቀን 4

ዳይሬክተሩ ዛሬ ጠዋት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ አንዳንድ ደብተር አደለን። «የሠራችሁትን በየቀኑ ጻፉ፣ ዓርብ ዓርብ አያለሁ» አለ። ዘበኛው ከጎኔ ቆሞ «እኔ ምን ልጻፍ? በሩ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ እጄም እንደ ጸሐፊ አይሮጥም። ቢሆንም ማንንም ጻፍልኝ ብዬ አልለምንም።

ሥራዬ የትምህርት ቤቱን ሜዳ መያዝ ነው። ሣር አጭዳለሁ፣ መረብ እሰቅላለሁ፣ ኳስ እነፋለሁ፣ በኖራ አሰምራለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። የእግር ኳሱም፣ የመረብ ኳሱም፣ የሩጫውም ቡድን እኔ ባሰመርኩት ላይ ነው የሚጫወተው።

ዛሬ የመቶ ሜትር መሮጫውን አሰመርኩ። ድሮ በሲባጎ ነበር የምንለካው። ሃምሳ ሜትር ሲባጎ ነው፤ አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ጫፍ ባለቤቴ ይዘን ሁለት ጊዜ እንዘረጋዋለን። እዚሁ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትመጣና ትይዝልኛለች። ካረፈች ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ሲባጎው ለአንድ ሰው አይመችም። ስለዚህ በእርምጃ ለካሁ። የኔ እርምጃ ሜትር ነው፤ ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። መቶ እርምጃ፣ መቶ ሜትር። ምንም አልቸገረኝም።

ማክሰኞ፣ ቀን 5

እግር ኳሱን አሰመርኩ። መረብ ኳሱንም። በእርምጃ። ሦስት ከረጢት ተኩል ኖራ ሄደ። ጉልበቴን ትንሽ ያዘኝ፣ ቁርጥማት ነው።

ዓርብ፣ ቀን 8

ዳይሬክተሩ ደብተር አላየም። ዘበኛው እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፈም።

የስፖርት መምህሯ ወደ መጋዘኔ መጣች። ልጅ ናት፣ የኔ ልጅ ታላቋ ትሆናለች።

«አባባ፣ ሲባጎው የት ሄደ? ዘንድሮ ሲዘረጉት አላየሁም።»

«አለ።»

«የሚይዝልዎት ከፈለጉ እኔ አለሁ እኮ። ካልሆነም ይኸው» ብላ ከቦርሳዋ የሚጠቀለል ሜትር አወጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ሳትወለጂ ነው ይሄን ሜዳ ያሰመርኩት። ይልቅ ፊሽካሽን ንፊ።»

«እሺ አባባ፣ አልተጣላንም» አለችና ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ኋላ ሳስበው ንግግሬ ከረር ብሏል። ይቅር ማለት ነበረብኝ። ሳልል መሸ።

ቅዳሜ፣ ቀን 16

ዛሬ ሯጮቹን በሰዓት ለኩ። እኔ መድረሻው ላይ ቆሜ ነበር። ቀጭኗ የምንላት ልጅ አለች፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ። ስትሮጥ አንገቷ አይነቃነቅም። አሥራ ሁለት ሰኮንድ ከአምስት አለ ሰዓቱ። መምህሯ ሰዓቱን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ጮኸች። ቀጭኗን አቅፋ አዞረቻት። አምና አሥራ ሦስት ከዘጠኝ ነበረች አሉ።

ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። ዘንድሮ ሁሉም ፈጥነዋል። ያ ወፍራሙ የእግር ኳስ በረኛ እንኳ ለቀልድ ብሎ ሮጦ ከአምና ሰዓቱ አንድ ሰኮንድ ቀነሰ። መምህሯ «አዲሱ ልምምድ ሠራልን!» ትላለች። ዘበኛው ደግሞ «አንተ ሽማግሌ፣ ኖራው ውስጥ ምን ቀላቅለህ ነው?» አለኝ።

ሁሉም ሲደሰት አየሁ። እኔ ደስ አለኝ ወይስ አላለኝም፣ አላወቅሁም። ኮኖቹን ሰብስቤ አስገባሁ።

እሑድ፣ ቀን 17

ልጄ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች።

«አባዬ፣ በላህ?»

«በላሁ።»

«ምን በላህ?»

«ምግብ።»

ሁሌ የምትለውን ደገመች፤ እኛ ጋ ና፣ ክፍል አለ፣ ልጆቹም ይወዱሃል፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ። ሜዳውን ማን ይይዘዋል አልኳት። «ሜዳው ነው እንዴ የወለድከው!» አለች። ነገሩ ያስቃል፤ ግን ሳልስቅ ስልኩን ዘጋሁት። የበላሁት ዳቦ ነበር። ትናንት የቀረ።

ረቡዕ፣ ቀን 20

የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ጠራችኝ። የባለቤቴ ሰማያዊ ጋዋን በመዝገብ ላይ አለ፣ አልተመለሰም፣ ለአዲሷ ጽዳት ይሰጣል አለች። መናገር ከብዷት ወረቀቷን ነበር የምታየው። «እርስዎን ለማስቀየም አይደለም፣ መዝገቡ ነው» አለች።

መጋዘኔ በር ጀርባ ነው የተሰቀለው። አውርጄ፣ አጣጥፌ ወሰድኩላት። ኪሱን ይፈትሹ አለችኝ። የፀጉር ሹካና የተጠቀለለ ብጣሽ ጨርቅ ነበረበት። ወሰድኳቸው። ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምራል፤ ባለቤቴ ናት ያስጠናችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሣር አጨድኩ።

ሐሙስ፣ ቀን 28

መስመሮቹን አደስኩ። ስለመድኩት ሳልቆጥር ያለፈው መስመር ላይ ነው የምደግመው።

የመረብ ኳስ ቡድኑ አምበል፣ ያቺ ረጅሟ፣ «አባባ፣ ሜዳው ጠበበ ወይስ እኛ አደግን?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጆቹ ሳቁ። «ምላስሽ ነው ያደገው» አልኳት። ይባስ ብለው ሳቁ።

ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም። የልጅ ቀልድ ነው። ቤቴ ገብቼም ተናድጄ ነበር።

ሰኞ፣ ቀን 2 (ሌላ ወር ገባ)

ደብዳቤ መጣ። የአካባቢው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ከየትምህርት ቤቱ በተላከለት ሰዓት ስምንት ልጆች መርጦ ቀጭኗን አንደኛ አድርጎ አስቀምጧታል። ስምንቱ በትልቁ ስታዲየም ይሮጣሉ። ሦስቱ ወደ ስፖርት ማሠልጠኛው ይገባሉ፤ እዚያው ማደር፣ እዚያው መማር፣ እዚያው መሮጥ ነው።

እናቷ ልብስ ሰፊዋ መጣች። መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነበር፤ ከሥራ ተነሥታ ሮጣ ነው። መምህሯን ሳመች፣ ዳይሬክተሩን ሳመች፣ ዘበኛውን ሳመች። እኔን እጄን ይዛ «እርስዎ ባያሰምሩላት የት ትሮጥ ነበር!» አለች።

«ሥራዬ ነው» አልኩ።

ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል አሉ። እናቷ ልጅቷ ወደ ማሠልጠኛው ይዛው የምትሄደውን ቦርሳ ከአሁኑ ሰፍታላታለች።

ቅዳሜ፣ ቀን 14

ስታዲየም ሄድን። እኔ ውኃና ቁጥር የሚለጠፍበትን ጨርቅ ይዤ ነው የሄድኩት። በአውቶቡስ ልጆቹ ሲዘፍኑ ቀጭኗ በመስኮት ታይ ነበር።

ስድስተኛ ወጣች።

አሥራ ሦስት ከስድስት። ሰሌዳው ላይ በመብራት ተጻፈ። መምህሯ ሰሌዳውን እንደ ሞኝ አየችው። ቀጭኗ መስመሩን ካለፈች በኋላ ቆመችና ወደ ኋላዋ ዞራ የሮጠችበትን አየች። የሆነ ነገር የጣለች ነው የምትመስለው። ከዚያ መጥታ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች። ውኃ ሰጠኋት። ያዘችው፣ አልጠጣችም።

ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኮት የለበሰ አንድ ሰውዬ ወረቀት ይዞ መጣ። «አሥራ ሁለት ከአምስት ብሎ የላከ ማነው? እናንተ?» መምህሯ እኔ ነኝ አለች። «ከአንድ ሰኮንድ በላይ! እመቤቴ፣ ሰው እንዲህ አይዘገይም። ለእሷ ብለን የተውናት ልጅ አለች፤ ዘጠነኛ የነበረችው። ለእናቷ ምን ልበላት?»

መምህሯ የራሷን ሰዓት ከኪሷ አውጥታ አየችው።

ሰው ሁሉ ወደ አውቶቡስ ሲሄድ እኔ ወደ መሮጫው ወረድኩ። ልማድ ነው። ከመነሻው እስከ መድረሻው ተራመድኩ። መቶ ዘጠኝ ሆነ። ተመልሼ ደገምኩት። መቶ ዘጠኝ። የስታዲየሙ ሰዎች አስረዝመውታል ማለት ነው። ትልቅ ቦታ ስለሆነ ማንም አይቆጣጠራቸውም።

በመመለሻው ዘፈን አልነበረም።

እሑድ፣ ቀን 15

ልጄ ደወለች። አላነሣሁም።

ስታዲየሙ ተሳስቷል።

ማክሰኞ፣ ቀን 17

ልጆች ክፉ ናቸው። ቀጭኗ ኪኒን ትውጥ ነበር፣ ለስታዲየሙ አልቆባት ነው ይላሉ። አንዱ ሲያልፍ «ፋርማሲ!» ብሎ ጠራት። ዞር ብላ አላየችውም። ልምምድ አልመጣችም።

እናቷ በር ላይ መጣች። መምህሯ ስትወጣ ጠብቃ «ምን አደረግሁሽ? ሰዓቱን ለምን ዋሸሽ? በልጄ ምን አገኘሽበት?» እያለች ጮኸች። መምህሯ «እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ በናትሽ እመኚኝ» አለች። ዘበኛው ገላገላቸው። እኔ ጎማ ይዤ ሣር አጠጣ ነበር። ውኃው አንድ ቦታ ላይ ፈሶ ኩሬ እስኪሠራ ድረስ አላወቅሁም።

ሐሙስ፣ ቀን 19

መምህሯ ላይ ክስ ተከፍቷል። ሐሰተኛ ሰዓት ጽፋ ልካለች ነው። ከተረጋገጠ ከሥራ ትሰናበታለች፤ ሌላ ትምህርት ቤትም አይቀበላትም። ዘበኛው ነው የነገረኝ። «እንዲህ ያለች ልጅ ትዋሻለች ብለህ ታስባለህ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት።

እሑድ፣ ቀን 22

ማንም በሌለበት ሄድኩ። ሲባጎውን ከመደርደሪያ አወረድኩ። አንድ ችካል መሬት ላይ መትቼ ጫፉን አሠርኩበትና ዘረጋሁት። ነቅዬ ወስጄ እንደገና መታሁ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ብቻዬንም ይቻል ኖሯል።

ስምንት ሜትር ከስንዝር ይጎድላል።

ሦስት ጊዜ ለካሁ። ከዚያ ቆሜ እግሬን አየሁት። ያው እግር ነው። ጫማውም ያው ነው። መቼ እንዳጠረ አልነገረኝም።

የድሮውን መነሻ በመጥረጊያ ጠርጌ አጠፋሁ። ወደ ኋላ ስምንት ሜትር ከስንዝር ሄጄ አዲስ አሰመርኩ። ነጭ፣ ቀጥ ያለ። የእግር ኳሱንም የመረብ ኳሱንም አስተካከልኩ። ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ሲመሽ ሜዳው በሙሉ ልክ ሆነ።

ምንም አልተሰማኝም። እጄ በኖራ ተቃጥሏል፣ እሱም አልተሰማኝም።

ማክሰኞ፣ ቀን 24

ኮሚቴ መጣ። ሦስት ሰዎች፣ ኮት ለባሹም አለበት። የመጡት መሮጫውን ሊለኩ ነው። እንደሚለኩ አላወቅሁም ነበር። ይህን እውነት ነው የምጽፈው፣ አላወቅሁም።

ረጅም ሜትር ዘረጉ። እኔ መንሽ ይዤ አጥሩ ጋ ቆሜያለሁ። ኮት ለባሹ ጎንበስ ብሎ አየና «መቶ። አንድ ሣንቲም አልጎደለም። ሜዳ ያዢያችሁን ሳላመሰግን አላልፍም» አለ። ዳይሬክተሩ ወደኔ እያየ ፈገግ አለ።

ከዚያ ወደ መምህሯ ዞሮ፣ «እንግዲህ ሜዳው ልክ ነው። ሰዓትሽም በባለሙያ ታይቷል፣ ልክ ነው። ምን ቀረ?»

መምህሯ «አላውቅም» አለች። እንደገና «አላውቅም» አለች። አላለቀሰችም። ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ እጇ ላይ ጠቀለለችው።

አመሰገኑኝ። ዝም አልኩ። መንሹን ይዤ ዝም አልኩ።

ውሳኔው ዓርብ ነው።

ረቡዕ፣ ቀን 25

አልተኛሁም ማለት አይደለም፣ ተኝቻለሁ። ስነሣ ግን ያው ነው።

ብናገር ሠላሳ አንድ ዓመቴ በአንድ ቀን ያልቃል። ሽማግሌው አንድ ሜትር የማያውቅ ነው ይላሉ። ልጄ ትመጣና ዕቃዬን ትጭናለች። ባልናገር ደግሞ ያቺ ልጅ ሥራዋን ታጣለች፤ እኔም መስመሬን አሰምራለሁ። ልክ የሆነ መስመር።

ባለቤቴ ብትኖር ምን ትል ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር። ብትኖር እኮ ይህ አይሆንም።

ሐሙስ፣ ቀን 26

ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ። ጸሐፊዋ «አባባ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለችኝ።

ዓርብ፣ ቀን 27

ሁሉንም እንደሆነ እጽፋለሁ።

ኮሚቴው በአራት ሰዓት ገባ። መምህሯ ተጠርታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሳላንኳኳ ገባሁ።

«መስመሩ አጭር ነበር» አልኩ። «በእርምጃ ለክቼ ነው። እሑድ ዕለት አስተካከልኩት። ማክሰኞ የለካችሁት አዲሱን ነው። እሷ አልዋሸችም።»

ኮት ለባሹ መነጽሩን አወለቀ። «አባት፣ ልብዎ ለልጅቷ እንደራራ ይገባናል...»

«አልራራሁም። የምነግርህ የሆነውን ነው።»

ዳይሬክተሩ «አባባ እኮ በእርምጃው የታወቀ ሰው ነው፣ ስቶ አያውቅም» አለ። ሊያግዘኝ ነው። ባያግዘኝ ይሻል ነበር።

መምህሯም «አባባ፣ ይተዉት። ለኔ ብለው ስምዎን አያጥፉ» አለች። እሷም አላመነችኝም።

«ተነሡ» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቃል ለትልቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ተነሡ።

ሜዳው ላይ ወስጄ የድሮውን መነሻ አሳየኋቸው። ኖራውን ጠርጌዋለሁ፣ ሣሩ ግን በኖራ ተቃጥሎ ቢጫ ሆኗል፤ አንድ ቀጥ ያለ ቢጫ መስመር። ኮት ለባሹ በጫማው ነካው። «ይሄ የሌላ ጨዋታ መስመር ሊሆን ይችላል» አለ።

«እንግዲያው ቁጠርልኝ» አልኩት።

መድረሻው ላይ ቆምኩና ተራመድኩ። ዕረፍት ሰዓት ነበር፣ ልጆቹ ሁሉ ወጥተዋል። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ወደ መስመሩ ዳር ተጠጉ። ዘበኛውም በሩን ትቶ መጣ። እኔ የማውቀውን እርምጃ ነው የተራመድኩት፤ አላሳጠርኩም፣ አላስረዘምኩም። ስድሳ ላይ ቁርጥማቱ ያዘኝ፣ ቀጠልኩ። ኮት ለባሹ ከጎኔ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። መቶ ሲል ቆምኩ። ወደ ታች አየሁ። ቢጫው ሣር ላይ ቆሜያለሁ።

ሜትሩን ዘረጉ። ዘጠና አንድ ከሰባ።

መምህሯ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ኮት ለባሹ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

ሰኞ፣ ቀን 30

መምህሯ ነፃ ወጣች። ሰዓት የላኩ ትምህርት ቤቶች ሁሉ መሮጫቸው ይለካ ተብሏል። ለዘጠነኛዋ ልጅ ምን እንደሚደረግ እየመከሩ ነው አሉ። እኔ የቀረኝን ዕረፍት እንድወስድ፣ ከዚያ ስለ ጡረታዬ እንነጋገር ተባልኩ። ዳይሬክተሩ ይህን ሲነግረኝ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ከዚህ በፊት አስቀምጦኝ አያውቅም።

ለልጄ ደውዬ ነገርኳት። «አባዬ...» አለች። «ና» አላለችም። እኔም እመጣለሁ አላልኳት።

ልብስ ሰፊዋ መምህሯን ይቅርታ ጠይቃለች። እኔን አይታኝ አለፈች። ልክ ናት።

ማክሰኞ፣ ቀን 1

መጋዘኑን ላስረክብ ዕቃ ስቆጥር ቀጭኗ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ልምምድ ከተወች ሁለት ሳምንት ሆኗታል።

«አባባ፣ ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«መስመሩ አጭር ከነበረ ፈጣን አልነበርኩም ማለት ነው?»

ልዋሻት አሰብኩ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አዎ» አልኳት። «ያን ያህል አልነበርሽም። ያን ያህል ያስመሰልኩሽ እኔ ነኝ።»

አንገቷን ደፋች። ኳሶቹን አየች፣ መረቡን አየች።

«የስታዲየሙስ? እሱ ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው። እሱን ተራምጄበታለሁ።»

«አሥራ ሦስት ከስድስት።»

«አሥራ ሦስት ከስድስት።»

በጣቷ በሩ ላይ የሆነ ነገር ስትጽፍ ቆየች፤ ቁጥር ነው መሰለኝ። «አምና እኮ አሥራ ሦስት ከዘጠኝ ነበርኩ» አለች። ለኔ አልነበረም የምትናገረው። «አምና መስመሩ በሲባጎ ነበር፣ አይደል?»

«በሲባጎ ነበር።»

«እንግዲህ ሦስት ቀንሻለሁ።»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ልጠይቃት ስል ሄደች። በመስኮት አየኋት፤ ቦርሳዋን አጥሩ ላይ ሰቀለችና ጫማዋን ማሠር ጀመረች።